ካሜራ ከእጅ ወደ ራስ፦ የሄልሜት ካሜራ ታሪክና አሞራ ገደል

በሞተር ሳይክል ሄልሜት ላይ ካሜራ መግጠም ሞተረኛው እጁን ከመሪው ሳያነሳ ከፊቱ ያለውን ሁሉ እንዲቀርጽ የሚያስችል ዘዴ ነው። ዛሬ አንድ ማጣበቂያና አንድ ብሎን የሚበቃው ይህ ሥራ እዚህ የደረሰው ከመቶ ዓመት በላይ በፈጀ ሙከራ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ የሙያው ዋና ጠላት ክብደት ነበር። ካሜራው ከባድ በነበረበት ዘመን ድካሙ የቀራጩ ነበር፤ ካሜራው እየቀለለ፣ እያነሰና ከዓይን እየተሰወረ ሲሄድ ግን ሸክሙ ሳይታወቅ ወደሚቀረጸው ሰው ዞረ። ይህ ለውጥ በግልጽ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ የሐዋሳው አሞራ ገደል ነው። ከሐይቁ ዳር የሚገኘው ይህ የዓሣ ገበያ ሥራ ላይ ያለ ሰው፣ ጎብኚና ካሜራ በአንድ ጠባብ ስፍራ የሚገናኙበት ነው።

በጭነት እንስሳ የመጣ ካሜራ

ካሜራ በኢትዮጵያ ምድር በብዛት ከሠራባቸው የመጀመሪያ አጋጣሚዎች አንዱ የመቅደላ ዘመቻ ነው። በ1860 ዓ.ም. በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር ከመሐንዲሶቹ ክፍል ፎቶ አንሺዎችን አስከትሎ ነበር። በዚያ ዘመን ፎቶ የሚነሳው በመስታወት ሳህን ላይ ነው። ሳህኑ ኬሚካል ተቀብቶ፣ ሳይደርቅ ተነስቶበት፣ እዚያው በጨለማ ውስጥ መታጠብ ነበረበት። ስለዚህ ፎቶ አንሺው የሳጥን ካሜራውን፣ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያውን፣ የኬሚካል ጠርሙሶቹንና ለጨለማ ክፍል የሚሆነውን ድንኳን ሁሉ ይዞ መጓዝ ግድ ይለው ነበር። ይህን ሁሉ ዳገት የሚያወጣው የጭነት እንስሳ ነው።

ቀጥሎ የመጣው የስቱዲዮ ዘመን ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አዲስ አበባ የገባው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮም (ቶኒ) ቦያጂያንም ሙያውን ወረሱ። በስቱዲዮ ፎቶ የሚነሳ ሰው ልብሱን አስተካክሎ፣ ቦታውን ይዞ፣ ፊቱን ወደ ካሜራው አዙሮ ይጠብቃል። ካሜራው ትልቅ ስለሆነ ሳያውቅ የሚነሳ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። የመሣሪያው ግዝፈት ራሱ የፈቃድ መጠየቂያ ሆኖ አገልግሏል።

ካሜራን ከእጅ አውጥቶ ተንቀሳቃሽ አካል ላይ የማሰር ሐሳብ ከሁሉ ቀድሞ ከተሞከረባቸው ፍጡራን አንዷ ወፍ ናት። ጁሊየስ ኖይብሮነር የተባለ ጀርመናዊ መድኃኒት ቀማሚ እ.ኤ.አ. በ1907 በእርግብ ደረት ላይ የሚታሰር ትንሽ ካሜራ ሠራ። እርግቧ ተሸክማ መብረር የምትችለው 75 ግራም ያህል ብቻ ስለነበር ካሜራው ከዚያ እንዳይበልጥ ተደርጎ ተቀነሰ፤ መዝጊያውም በራሱ ጊዜ እንዲከፈት ተደረገ። ኋላ በሄልሜት ካሜራ ላይ የታዩት ሁለቱ ዋና ጉዳዮች፣ ማለትም ተሸካሚውን የማያደክም ክብደትና ያለ እጅ የሚሠራ ማስነሻ፣ ያኔውኑ ተነስተው ነበር።

ሄልሜቱ ካሜራ ተሸከመ

በሞተር ሳይክል ሄልሜት ላይ የተገጠመ ካሜራ በሰፊው ሕዝብ ዓይን የገባው እ.ኤ.አ. በ1971 ለዕይታ በበቃው «ኦን ኤኒ ሰንደይ» ዘጋቢ ፊልም ነው። የፊልሙ አዘጋጅ ብሩስ ብራውን ሲሆን ከገንዘብ አቅራቢዎቹና ከተሳታፊዎቹ አንዱ ተዋናይና ሞተረኛ የነበረው ስቲቭ ማክዊን ነው። ብራውን ተመልካቹ ውድድሩን ከአጥር ውጭ ሆኖ ሳይሆን ከተወዳዳሪው ዓይን እንዲያየው ፈለገ። ለዚህም የፊልም ካሜራው በሄልሜቱ አንድ ጎን ታሰረ፤ አንገት ወደ አንድ ወገን እንዳይጎተት ደግሞ ባትሪው በሌላው ጎን ሚዛን እንዲጠብቅ ተደረገ። መፍትሔው ብልሃት የተሞላበት ቢሆንም የሄልሜቱን ክብደት እጅግ ጨመረው። ተወዳዳሪው በእያንዳንዱ ጉድጓድና ዝላይ ላይ ያን ሁሉ በአንገቱ መቋቋም ነበረበት።

ቪዲዮ ፊልምን ሲተካ ክብደቱ ከራስ ወደ ጀርባ ወረደ። እ.ኤ.አ. በ1987 አሜሪካዊው ማርክ ሹልዝ የተራራ ብስክሌት ቪዲዮ ሲሠራ ካሜራውን በሞተር ሳይክል ሄልሜት ላይ ገጠመና በገመድ ከቪኤችኤስ መቅረጫ ጋር አገናኘው። መቅረጫው በስፖንጅ በተደገፈ የጀርባ ቦርሳ ውስጥ ተቀመጠ። ራስ ላይ የቀረው ሌንሱና የካሜራው አካል ብቻ ስለነበር አንገት ትንሽ እፎይ አለ። ነጂው ግን አሁንም በገመድ የታሰረ፣ ከሩቅ የሚለይ ሰው ነበር።

ይህ የባለ ገመድ ካሜራ ዘመን እ.ኤ.አ. እስከ 2000ዎቹ መጨረሻ ገደማ ዘለቀ። ተዋናዩ ዩዋን ማግሬገርና ጓደኛው ቻርሊ ቡርማን እ.ኤ.አ. በ2004 ከለንደን ኒው ዮርክ፣ በ2007 ደግሞ ከስኮትላንድ ጫፍ ኬፕ ታውን በሞተር ሳይክል ሲጓዙ በሄልሜትና በሞተር ላይ የተገጠሙ ካሜራዎችን ተጠቅመዋል። ሁለተኛው ጉዞ ከሱዳን ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ ወደ ኬንያ ያቀና ነበር። የዚህ ጉዞ ፊልም በቢቢሲ ቴሌቪዥን ሲታይ የኢትዮጵያ መንገድ ከሞተረኛ ከፍታ ምን እንደሚመስል ብዙ ተመልካች አየ። ከካይሮ እስከ ኬፕ ታውን የተዘረጋው የአፍሪካ አገር አቋራጭ መንገድ ከአዲስ አበባ በሻሸመኔና በሐዋሳ አድርጎ ወደ ሞያሌ ይወርዳል። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ሐዋሳ ለረጅም ርቀት ሞተረኞች ተፈጥሯዊ ማረፊያ የሆነችውም በዚህ ምክንያት ነው።

ካሜራው በመዳፍ ሲገባ

ካሜራን፣ መቅረጫንና ባትሪን በአንዲት ትንሽ ሳጥን የማስገባቱ ነገር ከሁሉ በላይ ከጎፕሮ ጋር ይያያዛል። ኩባንያውን እ.ኤ.አ. በ2002 የመሠረተው ኒክ ውድማን በማዕበል ላይ ሲንሸራተት ራሱን ለማንሳት ይፈልግ ነበር። በ2004 ለገበያ የወጣው የመጀመሪያው «ሂሮ» በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር፣ ባለ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ካሜራ ነበር እንጂ የሄልሜት ካሜራ አልነበረም። በ2006 የመጣው ዲጂታል ሂሮ የሚቀርጸው ቪዲዮ ከ10 ሰከንድ አይበልጥም። ጥራት ያለው ቪዲዮ የሚቀርጸውና ከሄልሜት መግጠሚያ ጋር የሚሸጠው ካሜራ በ2009 መጨረሻና በ2010 ገበያውን ሲይዝ ነው የሞተረኛው ታሪክ የተለወጠው። ሶኒ በ2012፣ ዲጄአይ በ2019 የየራሳቸውን ተመሳሳይ ትንሽ ካሜራ፣ ማለትም አክሽን ካሜራ፣ አወጡ።

ከዚያ በኋላ የቀረው ትልቅ ችግር መንቀጥቀጥ ነበር። የሐዋሳ የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ጥሩ ምሳሌ ይሆናሉ። ዋና ዋናዎቹ አስፋልት ሲሆኑ ወደ ሰፈር የሚገቡት ብዙዎቹ ኮብልስቶን ናቸው፤ የድንጋዩ ንዝረት በጎማና በመቀመጫ አልፎ እስከ ሄልሜት ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ሂሮ 7 የካሜራውን እንቅስቃሴ በራሱ እየለካ ምስሉን የሚያረጋጋ ጠንካራ ዘዴ ይዞ መጣ። ዘዴው የምስሉን ጠርዝ በጥቂቱ ቆርጦ፣ ካሜራው ሲናጥ መሐሉን በተቃራኒው አቅጣጫ ያንቀሳቅሰዋል። ክብደቱ ከ120 ግራም የማይበልጥ ካሜራ ቀድሞ ሙሉ የቀረጻ ቡድን ይጠይቅ የነበረውን ሥራ ለአንድ ሞተረኛ ሰጠው።

የመግጠም ጥበብ

ካሜራው የሚቀመጥበት ቦታ የሚገኘውን ምስል ይወስናል። በሄልሜቱ አናት ላይ ሲሆን ሩቅ ያያል፤ ነገር ግን ከነጂው ዓይን ከፍ ስለሚል ምስሉ ከላይ ወደ ታች የሚመለከት ይመስላል፣ ንፋስም በቀላሉ ይገፋዋል። በጎን ሲገጠም ዝቅ ይላል፤ አንገትን ግን ወደ አንድ ወገን ይጎትታል፣ አንዱን የመንገድ ዳርም ይጋርዳል። በአገጭ በኩል ሲቀመጥ ለዓይን ስለሚቀርብ መሪውን፣ እጆቹንና መንገዱን በአንድ ላይ ያሳያል። ብዙ ሞተረኞች የሚመርጡት ይህንን ነው።

አሠራሩ ትዕግሥት ይጠይቃል። መጀመሪያ የሄልሜቱ ገጽ ከአቧራና ከቅባት ጸድቶ መድረቅ አለበት። ክብ በሆነው ቦታ ጎባጣው መግጠሚያ፣ በዝርግ ቦታ ዝርጉ ይለጠፋል። ማጣበቂያው በሞቃት ክፍል ውስጥ በኃይል ተጭኖ 24 ሰዓት ያህል ሳይነካ ሲቆይ አጥብቆ ይይዛል፤ በማለዳ ቅዝቃዜ ሐይቅ ዳር ተለጥፎ ወዲያው የተነዳበት ግን የመውደቅ ዕድሉ ሰፊ ነው። ካሜራው የሚታሰርበት ብሎን ከጠበቀ በኋላ ለጥንቃቄ ቀጭን ማሰሪያ ገመድ ይጨመራል። ሄልሜቱ ተደርጎ፣ ሞተሩ ላይ ተቀምጦ፣ መንገድ በሚታይበት አኳኋን የካሜራው ዝንባሌ ይስተካከላል፤ ጠረጴዛ ላይ የተስተካከለ ካሜራ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ሰማይ ወይ የሞተሩን ታንክ ሲቀርጽ ይውላል።

ሄልሜት ግን ከሁሉ በፊት የራስ ቅል መከላከያ ነው። የተሠራው በአደጋ ጊዜ አስፋልት ላይ ተንሸራትቶ የምቱን ኃይል እንዲበትን ነው። ከላዩ የወጣ ጠንካራ ነገር መሬት ወይም ቅርንጫፍ ከያዘ ራስን ሊጠመዝዝ ይችላል። ሄልሜቱን መብሳትም ቅርፊቱን ያዳክማል። እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ ላይ የዋለው የተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የሄልሜት ደንብ፣ ማለትም 22.06፣ ከሄልሜት ጋር የሚገጠሙ ተጨማሪ ዕቃዎችንም በፍተሻው አካትቷል። መልካም መግጠሚያ ማለት በጉዞ የማይነቃነቅ፣ በአደጋ ጊዜ ግን ተገንጥሎ የሚወድቅ ነው።

አሞራ ገደል በካሜራ ፊት

ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. ገደማ በልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም የአስተዳደር ዘመን የተቆረቆረች የስምጥ ሸለቆ ከተማ ናት። ሐይቋ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለውና በገጽ ምድር የሚወጣ ወንዝ የሌለው ነው። ከተማዋ ሜዳ በመሆኗ ብስክሌት፣ ባጃጅና ሞተር የዕለት ተዕለት መጓጓዣ ሆነዋል። ወደ ሐይቁ የሚወርድ ሞተረኛ በሄልሜቱ ካሜራ ዛፍ ያጠላባቸውን ሰፊ ጎዳናዎች ያለ ድካም ይቀርጻል።

አሞራ ገደል ሲደርስ ግን የሚቀረጸው ነገር ባሕርይ ይለወጣል። ማለዳ ዓሣ አጥማጆች በእንጨት ጀልባ መረባቸውን ይዘው ይመለሳሉ። ወጣቶች ቆሮሶ የተባለውን ዓሣ ከመረብ እየለቀቁ ቅርፊቱን ይገፍፋሉ፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ለይተው ያወጣሉ፤ እጃቸው ፈጣን፣ ቢላቸው የሰላ ነው። አባ ኮዳ የተባሉት ወፎች ከሰው እግር ሥር ቆመው ትርፍራፊ ይጠብቃሉ፣ ጦጣዎችና ጉሬዛዎች ከዛፉ ይወርዳሉ። ከጎን የተጠበሰ ዓሣና ሾርባ ይሸጣል፤ የደፈረ ጥሬውን በዳጣ ይበላል። ጎብኚ በእጁ ስልክ ሲያነሳ ሠራተኛው ያየዋል፤ ፈገግ ሊል፣ ፊቱን ሊያዞር ወይም ሊከለክል ይችላል። ሄልሜት ያደረገ ሰው ግን ሲያይና ሲቀርጽ በመልኩ ልዩነት የለውም። የሞተረኛው ድካም የቀነሰውን ያህል የዓሣ ሠራተኛው የመከልከል ዕድል ቀንሷል።

የኢትዮጵያ ሕግ ለዚህ ጉዳይ የሰጠው መልስ ከአክሽን ካሜራ በብዙ ይቀድማል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ሥዕል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይለጠፍ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይደነግጋል። አንቀጽ 28 ደግሞ የሰውየው ታዋቂነት ወይም የመንግሥት ሥራው፣ የፍትሕና የፖሊስ ጉዳይ፣ የሳይንስ፣ የባህልና የትምህርት ጥቅም፣ እንዲሁም በአደባባይ የተፈጸመ ሁኔታ ሲያጋጥም ፈቃድ አያስፈልግም ይላል። አሞራ ገደል አደባባይ ነው፤ የገበያውን አጠቃላይ እንቅስቃሴ መቅረጽና የአንዲትን ዓሣ ሻጭ ፊት ለይቶ ለንግድ ማዋል ግን አንድ አይደሉም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም ሰውን ለይቶ የሚያሳውቅ መረጃ የሚሰበሰብበትንና የሚያዝበትን መንገድ በሕግ ሥር አስገብቷል።

ስለዚህ የሄልሜት ካሜራ ሥርዓት ሁለት ክፍል አለው። በመንገድ ላይ ካሜራው ከመነሳት በፊት ይበራል፣ በጉዞ ላይ አይነካም፣ መግጠሚያው በየጊዜው ይፈተሻል። ገበያ ሲደረስ ሞተሩ ይቆማል፣ ሄልሜቱ ይወልቃል፣ ካሜራው ከመግጠሚያው ተፈትቶ በእጅ ይያዛል፤ ሰላምታ ይቀድማል፣ ፈቃድ ይጠየቃል። የጥንቱ የሳጥን ካሜራ በክብደቱ ያስገድደው የነበረውን አክብሮት የዛሬው ሞተረኛ በራሱ ፈቃድ ሊያደርገው ይገባል።