እርሾ፣ ማሰሻና ጢስ፦ የደጋው ጓዳ ልማዶች ታሪክ

በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ጓዳ ከእናት ወደ ልጅ፣ ከአማት ወደ ምራት ሲወርዱ የኖሩ ልማዶች የሚጠበቁበት ስፍራ ነው። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ሳይሟሽ እንጀራ አይጋገርበትም፤ ጋን በግራዋ ሳይታጠብና በወይራ ሳይታጠን ጠላ አይጠመቅበትም፤ ከቦካው ሊጥ ጥቂቱ ተቀንሶ ሳይፈላና ተመልሶ ሳይቀላቀል እንጀራው ዓይን እንዲያወጣ አይጠበቅም። ብራና ዳምጠው ቀለም በጥብጠው ለዘመናት የጻፉት ሊቃውንት እነዚህን ልማዶች ጽፈው ስላላቆዩአቸው፣ ብዙዎች ምክንያት የሌላቸው ዘልማድ አድርገው ሲያዩአቸው ኖረዋል። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ልማድ ከሸክላው፣ ከእህሉ፣ ከማገዶውና ከጾሙ ሥርዓት ጋር ተያይዞ ሲመረመር፣ ምግብን ያለ ማቀዝቀዣ ለማቆየትና በጥቂት ማገዶ ብዙ ለማብሰል የተደረሰበት እውቀት ሆኖ ይገኛል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው እርሾ ነው። እርሾ ማለት የቦካ ሊጥ ሲረጋ ከላይ የሚያቅረው ቢጫማ ውኃ ሲሆን፣ ባለቤቲቱ ከየቡኮው ጥቂት እያስቀረች ለሚቀጥለው ሊጥ መነሻ ታደርገዋለች። በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ሕዋሳት ሊጡን በሁለት ወይም በሦስት ቀን ውስጥ ያቦኩታል፤ የሚፈጥሩትም ኮምጣጣነት ሌሎች አበላሺ ተሕዋስያን እንዳይራቡ ያግዳል። እርሾው ያለቀባት ሴት ከጎረቤት ስለምትዋስ፣ የአንድ መንደር እንጀራ በጣዕም መቀራረቡ አያስገርምም።

ከእርሾ ቀጥሎ የሚመጣው አብሲት ከጓዳው ጥበቦች ሁሉ ይበልጥ የረቀቀ ነው። አብሲት የሚጣለው ከቦካው ሊጥ ጥቂቱ ተቀንሶ፣ ከውኃ ጋር እየተማሰለ እስኪወፍር ከተፈላ በኋላ፣ በረድ ሲል ወደ ቡሃቃው ተመልሶ ከቀረው ሊጥ ጋር በመቀላቀል ነው። ስንዴ ሊጡን የሚያለጥጥና አየሩን አፍኖ የሚይዝ ፕሮቲን ሲኖረው ጤፍ ግን ይህ ስለሌለው፣ በመቡካት የሚፈጠረው አየር በቀላሉ ያመልጣል። የተፈላው ስታርች ግን ውኃ ጠጥቶ ስለሚወፍር ሊጡን ያያይዘዋል፤ አየሩም ምጣዱ ላይ ሲደርስ በእኩል እየፈነዳ የእንጀራውን ዓይኖች ያወጣል። የኬሚስትሪ ስሙ ሳይታወቅ፣ የጤፍን ጉድለት በራሱ በጤፍ የሞላው ይህ ዘዴ በትውልዶች ሙከራ የተገኘ ነው።

የምጣዱ ልማድ ደግሞ ከሸክላው ጠባይ ይነሣል። ሸክላ ቀዳዳ የበዛበት በመሆኑ አዲስ ምጣድ ላይ የፈሰሰ ሊጥ ይጣበቃል፤ ስለዚህ ምጣዱ በእሳት ግሎ፣ የተወቀጠ ጎመን ዘር እየተነሰነሰበት በጨርቅ ደጋግሞ ይታሻል፤ የዘሩም ዘይት ወደ ቀዳዳዎቹ ሰርጎ ገጹን ያጠቁረዋል፣ ያለሰልሰውማል። ማሟሸት የሚባለው ይህ ሲሆን፣ በየጋገራው መካከል በማሰሻ ጨርቅ የሚደረገው ቀለል ያለው ቅባት ማሰስ ይባላል። ጎመን ዘር የተመረጠው በዘይቱ ብቻ አይደለም፤ የአትክልት ዘር ስለሆነ በጾም ቀንም አይከለከልም፤ በቅቤ የታሰሰ ምጣድ ግን ረቡዕና ዓርብ ሥራ ሊፈታ ነበር። ምጣድ እስኪግል ብዙ ማገዶ ስለሚፈጅም የሁለት የሦስት ቀን እንጀራ በአንድ ጊዜ መጋገር ደንብ ሆነ። በመጀመሪያ የሚጋገረው እንጀራ፣ ማለትም የምጣድ ማሟሻው፣ የእሳቱን መብዛት ማነስ የሚያሳይ መፈተኛ ነው። የማገዶ ጉዳይ እንዲህ ከባድ ስለነበር፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ አዲስ አበባን ያስጨነቀው የእንጨት እጥረት ባሕር ዛፍ ከውጭ መጥቶ እንዲተከል ምክንያት ሆኗል።

ጢስም የሚያገለግለው ያንኑ ቀዳዳማ ሸክላ ነው። የጠላ ጋን ወይም እንስራ ያለፈውን ጥንስስ ርዝራዥ በግድግዳው ውስጥ ስለሚይዝ በውኃ ብቻ አይጠራም፤ ስለዚህ በመራራው የግራዋ ቅጠል እየተፈተገ ከታጠበ በኋላ፣ በሚጨስ የወይራ እንጨት ላይ ተደፍቶ ይታጠናል። የወይራው ጢስ አበላሺ ተሕዋስያንን ይቀንሳል፤ ወተት የሚናጥበት ቅልም በዚሁ መንገድ ሲታጠን ወተቱ ቶሎ አይበላሽም። ጠላውን የሚያመርረው ጌሾም ከጣዕሙ ባሻገር ጥንስሱን ከብልሽት ይጠብቃል።

ቅቤ የማንጠር ልማድ ከጾም ሥርዓት ተለይቶ ሊታይ አይችልም። ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ይቆያል፤ ላም ደግሞ በጾም ወራት ወተት መስጠቷን ስለማታቆም፣ የተናጠው ቅቤ እስከ ፋሲካ የሚቆይበት ዘዴ ማስፈለጉ ግድ ነበር። ቅቤው ቀስ ብሎ ሲነጠር ውኃው ተንኖ ዝቃጩ ይወርዳል፤ አብረውት የሚገቡት ኮሰረት፣ ኮረሪማ፣ አብሽና በሶብላም መዓዛ ይሰጡታል። የበርበሬ አደላለዝ ግን ከእነዚህ ሁሉ የዘገየ ነው፤ በርበሬ ራሱ ከአሜሪካ አህጉር ተነሥቶ በባሕር ንግድ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የደረሰው ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ በመሆኑ፣ ዛሬ የወጥ ሁሉ መሠረት መስሎ የሚታየው ቀይ ድልህ በነባሩ ጓዳ ላይ የተጨመረ ነው። የአገሬው ሴቶች እንግዳውን ተክል ነባሮቹ ዝንጅብልና ኮረሪማ በሚታወቁበት ዘዴ፣ ማለትም በመውቀጥ፣ በማድረቅና በማዋሐድ፣ ተቀብለው የራሳቸው አድርገውታል።

ይህ የቤት እውቀት በቤተ መንግሥት ሲሠራበት ምን ያህል ሰፊ እንደሚሆን የሚያሳየው እቴጌ ጣይቱ በ1880 ዓ.ም. የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ ያዘጋጁት ግብር ነው። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ወልደ አረጋይ በዳግማዊ ምኒልክ ዜና መዋዕል ውስጥ የግብሩን ብዛት ዘግበዋል። እንዲህ ያለውን ግብር የሚሸከመው የእንጀራ ጋጋሪዎች፣ የወጥ ሠሪዎችና የጠጅ ጣዮች ሙያ ነበር፤ ሙያቸውም በየመንደሩ ጓዳ ከሚሠራበት በመጠን እንጂ በዓይነት አይለይም። የጽሑፉ ሚዛን ግን ወደ ግብሩ ታላቅነት ያደላ በመሆኑ፣ እርሾውን የጠበቁት እጆች ስም አልተመዘገበም።

ልማዶቹ የተነሡበትን ምክንያት ከሁሉ ይልቅ የሚያረጋግጠው ሁኔታዎች ሲለወጡ የደረሰባቸው ዕጣ ነው። በከተማ የተስፋፋው የኤሌክትሪክ ምጣድ እሳቱን በሽቦ ቢተካም መጋገሪያ ገጹ ሸክላ ሆኖ ስለቀረ፣ ማሟሸትና ማሰስ ከጉልቻው ጋር አልጠፉም። በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች ግን ሊጥ በማያጣብቅ የብረት መጋገሪያ ስለሚጠቀሙ ጎመን ዘሩን ትተውታል፤ ጤፉን ከገብስና ከስንዴ ዱቄት ጋር የሚደባልቁም አብሲት ሳይጥሉ ይጋግራሉ። በአይዳሆ ግዛት እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ከ1980ዎቹ ጀምሮ የተመረተውን ጤፍ ብቻውን የሚያቦኩት ግን እርሾውንና አብሲቱን ዛሬም ይፈልጓቸዋል። ለዘማች ስንቅ የነበረው ድርቆሽ፣ ማለትም በፀሐይ የደረቀ እንጀራ፣ ሳይበላሽ ሩቅ መንገድ ስለሚሄድ አሁንም ከሽሮና ከበርበሬ ጋር በተጓዥ ሻንጣ ውስጥ ይገባል።

ምክንያቱ ሲቀር ልማዱም ይቀራል ከሚለው ከዚህ ሕግ ወጣ ያሉ ልማዶችም አሉ። ማቀዝቀዣ ያለው ቤት ቅቤ ያነጥራል፤ በፕላስቲክ በርሜል የሚጠምቁ ሰዎችም የወይራ ጢስ የሌለውን ጠላ እንደ ጎደሎ ይቆጥሩታል። በእነዚህ ላይ አስገዳጁ ችግር ቢወገድም፣ ችግሩ ያሳደገው ጣዕም የበላተኛው ምርጫ ሆኖ ቀርቷል። ስለዚህ የጓዳው ልማድ በሁለት ነገር ይኖራል፤ አንዱ ምክንያቱ፣ ሁለተኛው ምላስ የለመደው ጣዕም ነው። ይህን እውቀት በሥርዓት መመዝገብ ለአንድ አገር የግብርናና የሥነ ምግብ ታሪክ ተጨማሪ ጌጥ ሳይሆን ዋና ምዕራፍ ነው፤ ምክንያቱም ጤፍን ያረሰው ገበሬ ድካሙ ምግብ የሆነው ሊጡን ማቡካት፣ ምጣዱን ማሰስና ጋኑን ማጠን ባወቁት ሴቶች ሙያ ነው።