በሽበት ዘመን የሚቆረብ ትዳር

በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ክርስቲያን ገጠሮች ቁርባን፣ ማለትም ባልና ሚስት አብረው በመቁረብ የሚያጸኑት ጋብቻ፣ ለአብዛኛው ምእመን የወጣትነት ጋብቻ አልነበረም። ወጣት የሚጋባው ሰማንያ በተባለው የውል ጋብቻ ነበር፤ ካልተስማማ በሽማግሌ ፊት ተፋቶ ንብረቱን ይካፈል ነበር። ደመወዝ በተባለው፣ ለጊዜው በክፍያ በሚደረግ ጋብቻ የሚኖሩም ነበሩ። የቁርባን ጋብቻ ግን እንዲህ በቀላሉ አይፈታም። ስለዚህ ብዙ ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ድረው፣ ፀጉራቸው ሸብቶ ነበር አብረው የሚቆርቡት።

ካህናት ከዚህ ልማድ ውጭ ናቸው። ከመኳንንቱም ቀደም ብሎ የሚቆርብ አልጠፋም፦ ምኒልክና ጣይቱ በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት አንኮበር መድኃኔ ዓለም ሲቆርቡ ንጉሡ አርባ ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ሁለቱም ከዚያ በፊት ሌላ ትዳር አይተዋል።

በእርጅና የመቁረብ ልማዱ ስለ አረጋውያን ገላ አንድ ግምት አዝሏል፤ ስሜቱ በርዷል፣ አሁን መጽናት አይከብድም የሚል። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ግን እንዲህ አይልም። ባልና ሚስት በጾም ወቅትና ለቁርባን ሲዘጋጁ እንዲታቀቡ ያዛል እንጂ፣ የቆረቡ ሽማግሌና አሮጊት መኝታ ይለዩ አይልም። ይህ ልዩነት ተድበስብሶ መቅረቱ ያሳዝናል፤ የተፈቀደው መቀራረብ እንደ ነውር እንዲቆጠር መንገድ ከፍቷልና።

ከቆረቡት ባልና ሚስት አንዱ ሲሞት የቀረው ብዙ ጊዜ ይመነኩሳል፤ በተለይ መበለቶች ቆብ ይጭናሉ። ሁለቱም በሕይወት ሳሉ ግን ገላ ይለወጣል እንጂ ፍቅር የግድ አይቆምም። የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ የሚመጣ የሴት ብልት ድርቀት ሕክምና አለው። የስኳር በሽታ ወይም የደም ግፊት የወንዱን ብልት መቆም ሊያዳክም ይችላል፤ እሱም ለሐኪም የሚነገር ጉዳይ ነው፣ በሰባ ዓመትም ቢሆን።