የካልጋሪው ጠቅላይ ሚኒስትር ወረቀቶች እና የ1928ቱ ነዳጅ

ካልጋሪ መሐል ከተማ፣ ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. በ1914 የተከፈተው ፓሊሰር ሆቴል ዛሬም እንደቆመ ነው። በክረምቱ ብርድ አንገቱን ቀብሮ በበሩ የሚያልፍ ኢትዮጵያዊ፣ ይህ ሕንፃ ከማይጨው ጋር የሚያገናኘው ታሪክ አለ ቢሉት ላያምን ይችላል። ሆቴሉ ለዓመታት የሪቻርድ ቤድፎርድ ቤኔት መኖሪያ ነበር። ቤኔት ሚስት ሳያገባ የኖረ ሀብታም ጠበቃ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1897 ከኒው ብራንዝዊክ ወደ ካልጋሪ መጥቶ የከተማዋ የፓርላማ ተወካይ ሆነ። ከ1930 እስከ 1935 ደግሞ የካናዳ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበር። በአገሩ ሕግ ርእሰ ብሔሩ የእንግሊዙ ንጉሥ ቢሆንም መንግሥቱን የሚመራው እሱ ነው።

የቤኔት ዘመን የችጋር ዘመን ነበር። ቤንዚን መግዣ ያጣው ገበሬ የመኪናውን ሞተር አውጥቶ በፈረስ ያስጎትታት ጀመር፤ ያችንም መኪና ሕዝቡ «የቤኔት ጋሪ» አላት። ከዚሁ ሕዝብ ግን ለቤኔት ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ይጎርፍ ነበር። ጫማ ያጣ ልጅ ጽፏል፤ ሥራ ያጣ አባት ጽፏል። አንዲት የሳስካችዋን ገበሬ ሚስት ለባሏ የክረምት የውስጥ ልብስ እንዲገዛላት ለመነችው። ልብሱም ተገዝቶ ተላከላት። ለሌሎችም ብዙ ጊዜ አምስት ዶላር ከገዛ ኪሱ በፖስታ ውስጥ ይከትላቸው ነበር። ከደብዳቤዎቹ የተመረጡት እ.ኤ.አ. በ1971 በመጽሐፍ ታትመው ወጥተዋል። በመንግሥት ፖሊሲው ጨካኝ የተባለው ሰው፣ ጽሕፈት ቤቱ ጥቃቅኑን ወረቀት ሳይቀር ስላስቀመጠ፣ ሌላ መልክ እንዳለው ታወቀ።

ለኢትዮጵያውያን ይበልጥ የሚቀርበው ግን ከእነዚህ ደብዳቤዎች ጎን የተቀመጠው ሌላ ሰነድ ነው። የ1928 ዓ.ም. መስከረም የያዘው የቴሌግራም፣ የስልክ ማስታወሻና የመመሪያ ክምችት።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የሙሶሊኒ ጦር መረብን ተሻገረ፤ አድዋም በአውሮፕላን ተደበደበች። የኢትዮጵያ መንግሥት በዚያው ቀን ለዓለም መንግሥታት ማኅበር በቴሌግራም አቤት አለ። በካናዳ የምርጫ ዘመቻው ሊያበቃ አሥራ አንድ ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር፤ ቤኔትም እንደሚሸነፍ ሳያውቅ አልቀረም። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱን የሚመራው ኦስካር ስኬልተን ካናዳ በአውሮፓና በአፍሪካ ጣጣ እንዳትገባ የሚመክር ጥንቁቅ ሰው ነበር። በጄኔቭ የካናዳ መልእክተኛ ሃዋርድ ፈርጉሰን ምን ይበል? ይታቀብ ወይስ ጣሊያንን ጥፋተኛ ይበል? ስኬልተን ምርጫው እስኪያልፍ ዝም ማለትን ወደደ። ቤኔት ከዘመቻው ላይ በስልክ ሲነጋገር ይህን አልተቀበለም፤ ካናዳ የማኅበሩን ቃል ኪዳን ፈርማለች፣ ጣሊያንም አፍርሳዋለች፣ ስለዚህ ይህንኑ መናገር ይገባል የሚል አቋም ያዘ። ካናዳም ጣሊያንን ካወገዙት ከሃምሳ የማያንሱ አገሮች ጋር ቆመች።

ይህን የምናውቀው የስልክ ንግግሩን ስኬልተን ራሱ በማስታወሻ ስለጻፈው ነው። የተሸነፈ ሐሳብ ባለቤት የአሸናፊውን ቃል መዝግቦ ማቆየቱ የጥሩ ጽሕፈት ቤት ምልክት ነው።

ጥቅምት 3 ቀን ቤኔት በምርጫው ክፉኛ ተሸነፈ፤ ማኬንዚ ኪንግም በቦታው ተተካ። ፈርጉሰን ሥራውን ሲለቅ የካናዳ ወንበር ከ1925 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጄኔቭ ለተቀመጠው ለዋልተር ሪዴል ቀረ። የማኅበሩ የማዕቀብ ዝርዝር አንድ አሳፋሪ ጉድለት ነበረው። ለጣሊያን የማይሸጡ ዕቃዎች ሲቆጠሩ ታንክና አውሮፕላን የሚያንቀሳቅሰው ነዳጅ ዘይት አልተነካም። ሪዴል ከኦታዋ መመሪያ ጠየቀ፤ መልሱን ሳይጠብቅም ጥቅምት 22 ቀን ነዳጅ ዘይት፣ የድንጋይ ከሰል፣ ብረትና አረብ ብረት በዝርዝሩ እንዲገቡ ሐሳብ አቀረበ። የዓለም ጋዜጦች «የካናዳ ሐሳብ» አሉት።

ኪንግ ደነገጠ። በኩቤክ ለጣሊያን የሚያዝኑ ካቶሊካውያን መራጮች ነበሩት፤ ካናዳ የጦርነት መነሻ ተብላ ስሟ እንዲጠራም አልፈለገም። ሪዴል ያለ ፈቃድ ተናገረ ተብሎ ተወቀሰ። ኅዳር 22 ቀን፣ ኪንግና ስኬልተን ለዕረፍት ወደ አሜሪካ ሄደው ሳለ፣ ተጠባባቂው ኧርነስት ላፖይንት ሐሳቡ የሪዴል የግሉ እንጂ የካናዳ መንግሥት አይደለም ሲል ለጋዜጦች አስታወቀ። ከጥቂት ቀናት በኋላ እንግሊዝና ፈረንሳይ ኢትዮጵያን ለመቆራረስ በምስጢር ያዘጋጁት የሆር-ላቫል ውል ወጣ። ነዳጅ ሳይታገድ ቀረ። መጋቢት 22 ቀን በማይጨው የሆነው ሆነ።

ሪዴል ባይካድ ኖሮ ታሪክ ይለወጥ ነበር ማለት ቀላል ነው፤ ግን ጥንቃቄ ይሻል። አሜሪካ የማኅበሩ አባል አልነበረችምና ነዳጅ መሸጧን ልትቀጥል ትችል ነበር። ለንደንና ፓሪስም ሙሶሊኒን ላለማስቀየም ከኦታዋ ይልቅ ይጨነቁ ነበር። በሌላ በኩል የሂትለር አስተርጓሚ ፖል ሽሚት እንደጻፈው ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1938 ሙኒክ ላይ፣ ነዳጅ ታግዶ ቢሆን በሳምንት ውስጥ ከሐበሻ ምድር መውጣት ይኖርብኝ ነበር ብሏል። ኪንግ ደግሞ በፓርላማ ሲናገር የካናዳ ማፈግፈግ አውሮፓን ከእሳት እንዳዳነ ገለጸ። ያው እሳት ከአራት ዓመት በኋላ አውሮፓን አዳረሰ።

ክርክሩን እስከ ዛሬ ሕያው ያደረገው ወረቀቱ መቆየቱ ነው። የዘመኑ ቴሌግራሞች በካናዳ የውጭ ግንኙነት ሰነዶች ጥራዝ ታትመዋል። ሪዴል የራሱን ወገን እ.ኤ.አ. በ1947 በመጽሐፍ አቀረበ። ኪንግ በየቀኑ ይጽፈው የነበረው የግል ማስታወሻ፣ እሱ ካመለከታቸው ክፍሎች በቀር እንዲቃጠል ተናዝዞ ነበር፤ አደራ የተቀበሉት ሰዎች ግን አላቃጠሉትም። ዛሬ ማንም ሰው በኢንተርኔት ያነበዋል። ቤኔት አኩርፎ እንግሊዝ አገር ገብቶ በ1947 እዚያው ሞተ፤ ከካናዳ ጠቅላይ ሚኒስትሮች በውጭ አገር የተቀበረው እሱ ብቻ ነው። ወረቀቱ ግን ወደ ትውልድ ግዛቱ፣ ወደ ኒው ብራንዝዊክ ዩኒቨርሲቲ ተመለሰ።

የዚህ ደብዳቤ ሌላኛው ጫፍ አዲስ አበባ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ያደረጉትን ንግግር «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተባለው መጽሐፋቸው ውስጥ አስቀምጠውታል። ያ መጽሐፍ የመሪው የራሱ ቃል ነው፤ ራሱን ሲከላከል ይሰማል። የኦታዋው ክምችት ከዚህ የሚለየው መሪውን የተቃወመው ጸሐፊ፣ ያለ ፈቃድ የተናገረው ሠራተኛና የተካደው መልእክተኛ ሁሉም በአንድ ሣጥን ውስጥ ስላሉ ነው። የኢትዮጵያ ቤተ መንግሥቶች ከአንድ መንግሥት ወደ ሌላው ሲተላለፉ፣ ስንት እንዲህ ያለ ማስታወሻ በጉዞው ላይ ወደቀ?

ካልጋሪ ዛሬ የካናዳ የነዳጅ ዋና ከተማ ናት። ቤኔት ራሱ እ.ኤ.አ. በ1914 በአቅራቢያዋ በተርነር ቫሊ ዘይት ባገኘው ኩባንያ ውስጥ ገንዘብ ካዋሉት አንዱ ነበር። በከተማዋ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች በትምህርት ቤት ስለ ችጋሩ ዘመንና ስለ «ቤኔት ጋሪ» ሊማሩ ይችላሉ። ከዚያ ምዕራፍ ቀጥሎ የመስከረም 22፣ የጥቅምት 22፣ የኅዳር 22 እና የመጋቢት 22 ታሪክ እንዳለ የሚነግራቸው ግን ወላጆቻቸው መሆን አለባቸው። ማስረጃው እንደሆነ አልጠፋም፤ በአገራቸው ቤተ መዛግብት ተቀምጧል።