ረሃብና ርቢ በቆረሶ፦ ስለ አንድ የተዘነጋ ጥናትና ስለ ይፋት ቆላ

ጥሩ የበላ ዓሣ ይራባል፤ የተራበ ርቢውን ያቆማል የሚለው ሐሳብ በሥነ ዓሣ ጽሑፎች ዘንድ እንደ ሕግ ይታያል። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ ሕጉ የወጣው ከቀዝቃዛ አገር ዓሦች ስለሆነ ለቆረሶ አይሠራም የሚል ነው። ቆረሶ ምግብ ሲያንሰው በቅድሚያ የሚተወው ዕድገቱን እንጂ ርቢውን አይደለም። ይህን በሙከራ ያሳየችው ሶቪየታዊቷ ተመራማሪ ሚሮኖቫ ናት። በ1977 የወጣው ጥናቷ ግን በእኛ አገር ጽሑፎች እምብዛም ሲጠቀስ አይታይም። (ዓመቶቹ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዳዩ ለይፋት ቆላ የወረቀት ክርክር ብቻ አይደለም። ከሸዋሮቢት እስከ ካራቆሬና ከዚያም እስከ ከሚሴ ያለው ምድር ሞቃት ነው፤ ሮቢ፣ ጀውሃ፣ አጣዬና ቦርከና ወደ አዋሽ ይወርዱበታል፤ ዝናቡም በበልግና በክረምት ይመጣል። በዚህ ቆላ ኩሬ ቆፍሮ ቆረሶ የሚለቅ ሰው የሙቀት ችግር አይገጥመውም። የሚገጥመው ጥያቄ በበጋ ውኃው ሲሸሽና ምግቡ ሲሳሳ ዓሣው ምን ያደርጋል የሚለው ነው።

በአገራችን ስለ ዓሣ ርቢ ወቅት ከተጻፈው ጋር በአብዛኛው ጠብ የለኝም። ደመቀ አድማሱ በ1996 ባወጣው ጥናት የሐዋሳ ቆረሶ ዓመቱን ሙሉ እንደሚራባ፣ ነገር ግን ርቢው ጎላ የሚልባቸው ሁለት ወቅቶች እንዳሉት አሳይቷል። ዘነበ ታደሰም በ1997 ስለ ጣና ቆረሶ የርቢ ወቅትና የዕንቁላል ብዛት ጽፏል። የጣና ነጭ ዓሣ በክረምት ማብቂያ ወደ ጉማራና ወደ ሌሎች ገባር ወንዞች ወጥቶ ዕንቁላሉን በጠጠር ላይ እንደሚጥል ከናገልከርከና ከሲቢንግ ሥራዎች ወዲህ የታወቀ ነው። እነዚህ ሁሉ ዓሣ መቼ ይራባል ለሚለው መልስ ይሰጣሉ። እኔ የምጠይቀው ሲርበው በሰውነቱና በዘሩ መካከል እንዴት ይመርጣል ብዬ ነው።

ወደ ጠቡ እንምጣ። የተለመደው ሕግ የቆመው በጥቂት ሙከራዎች ላይ ነው። ስኮት በ1962 ቀስተ ደመና ትራውትን በግማሽ አስርቦ ለዕንቁላል የደረሱት እንስቶች መቀነሳቸውን አሳየ። ባገናል በ1969 በቡኒ ትራውት ላይ ተመሳሳይ ውጤት አገኘ፤ በደንብ የተመገቡት ብዙ ዕንቁላል ያዙ። ዉተን በ1973 ስቲክልባክ በተባለው ትንሽ ዓሣ ላይ ምግብ ሲጨምር የመጣል ብዛት እንደሚጨምር አረጋገጠ። ሙከራዎቹ በራሳቸው እንከን የለባቸውም፤ ስሕተቱ ውጤታቸውን ወደ ሐሩር ሐይቅ ተሸክሞ መምጣቱ ላይ ነው። ትራውት በዓመት አንድ ጊዜ ለሚጥለው ዕንቁላል ለወራት ስንቅ ያጠራቅማል፤ ስንቁ ከጎደለ የዓመቱ ርቢ ጎደለ ማለት ነው። ቆረሶ ግን በሙቅ ውኃ በየጥቂት ሳምንታት ልዩነት ጥቂት ጥቂት እየጣለ ይኖራል። ይባስ ብሎ እንስቷ ዕንቁላሉንና ጫጩቱን በአፏ ስለምትይዝ በእያንዳንዱ ርቢ ለሁለት ሳምንት ገደማ ትጾማለች። መራብ የርቢዋ አካል ለሆነ እንስሳ ረሃብን የርቢ መዝጊያ ማድረግ እንግዳ አመክንዮ ነው።

ታውንሸንድና ዉተን በ1984 ሕጉን ወደ ሐሩር ዓሣ ለማሻገር ሞከሩ። በመካከለኛው አሜሪካው ኮንቪክት ሲክሊድ ላይ ባደረጉት ሙከራ ምግብ ያነሳቸው እንስቶች ዕንቁላላቸው አነሰ፤ በሁለት መጣል መካከል ያለው ጊዜም ረዘመ። ይህን ጥናት እንደ መዝጊያ ማስረጃ የሚያቀርቡ አሉ። ነገር ግን ኮንቪክት ሲክሊድ ዕንቁላሉን በድንጋይ ላይ የሚያጣብቅ እንጂ በአፉ የሚይዝ አይደለም፤ ከቆረሶ ጋር የሚያገናኘው የቤተሰብ ስም ነው።

የሚሮኖቫ ሙከራ የተደረገው ግን በአፍ በሚፈለፍለው፣ የቆረሶ የቅርብ ዘመድ በሆነው በሞዛምቢክ ቲላፒያ ላይ ነው። ምግብ የተቀነሰባቸው ወጣት እንስቶች ከዕድገታቸው ቆርጠው ወደ ርቢ አዞሩ። ዝርያው ልክ ቆረሶ አለመሆኑን አልክድም፤ ስለዚህ መደምደሚያው በጥንቃቄ መያዝ አለበት። ሆኖም የመስኩ ማስረጃ ወደዚያው ያመራል። ሎው ማክኮኔል በ1958 የቆረሶን የመጀመሪያ ርቢ መጠን በተለያዩ ውኆች ስታነጻጽር በአልበርት ሐይቅ 28 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ እዚያው ዳር ባለው ቡሁኩ ኩሬ ግን 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ አገኘችው። ስቱዋርት በ1988 በቱርካና ሐይቅ የፈርጉሰን ሰርጥ ውኃው ሲሸሽ ቆረሶ እየከሳና በትንሽ ቁመቱ እየደረሰ መሄዱን መዘገበች። ከስቶም ዘር መስጠቱን አላቆመም።

ሁለት ተቃውሞዎች ይነሳሉ። አንደኛው ቡሁኩን የወሰነው መጨናነቅ እንጂ ምግብ አይደለም ይላል። መጨናነቅ በዋናነት የሚጎዳው የእያንዳንዱን ዓሣ ድርሻ በመቀነስ ስለሆነ ይህ ተቃውሞ ስሙን ቀይሮ የመጣ ድጋፍ ነው። ሁለተኛው የጉናሴኬራና የባልደረቦቹ ሙከራ (1995 እና 1996) ነው፤ በመኖው ውስጥ ፕሮቲን ሲያንስ የቆረሶ ርቢና የዕንቁላሉ ጥራት ተጎዳ። እርግጥ ነው፤ ግን እነሱ የለኩት የምግብን ዓይነት ነው፤ የእኔ ጥያቄ ስለ መጠኑ ነው። ፍጹም ረሃብ ርቢን እንደሚያቆም ማንም አይክድም፤ የሞተ ዓሣም አይራባም።

ከካራቆሬ ወደ ሰሜን፣ ደሴን አልፎ የሚገኘው የሎጎ ሐይቅ ለዚህ ክርክር የተዘጋጀ ይመስላል። ቆረሶ የተለቀቀበት በ1978 ነው። ባክስተርና ጎሎቢትሽ በ1970 ባወጡት ጽሑፍ ውኃው እጅግ የጠራና በአልጌ የደኸየ ነበር፤ ኤልሳቤጥ ከበደና ባልደረቦቿ በ1992 ግን በአልጌ መበልጸጉን ገልጸው ለውጡን ከቆረሶው መግባት ጋር አያያዙት። አንድ የዓሣ ዘር፣ አንድ ሐይቅ፣ የተለወጠ ማዕድ! ጥያቄው ሁልጊዜ ዓሣው ሐይቁን ምን አደረገው የሚል ሆኖ ቆየ፤ ማዕዱ የዓሣውን የመድረሻ ቁመት ምን አደረገው የሚለውም እኩል ትኩረት ይገባዋል።

ለይፋት የሚከተለው ግልጽ ነው። ጫጩት የሞላበት ኩሬ የጠገበ ኩሬ ማስረጃ ተደርጎ መወሰድ የለበትም፤ ይልቁንም የቀነጨረ ዓሣ ምልክት ሊሆን ይችላል። በዚህ ቆላ ለኩሬ ባለቤት ምክር የሚሰጥ ባለሙያ ጫጩት ከመቁጠሩ በፊት ዕንቁላል የያዘችውን ትንሿን እንስት ይለካ። ቁመቷ ከዓመት ዓመት ካጠረ መፍትሔው ተጨማሪ ጫጩት መልቀቅ አይደለም፤ ያለውን ማሳሳትና መመገብ ነው። ወንድ ዓሦችን ብቻ ማርባት ወይም አምባዛን ጫጩት እንዲበላ አብሮ መልቀቅም የታወቁ መንገዶች ናቸው። ሦስቱም የሚሠሩት ርቢን ገትተው ምግቡን ወደ ሥጋ ስለሚመልሱ ነው፤ የትራውቱ ሕግ ለቆረሶ እውነት ቢሆን ኖሮ ግን ረሃቡ ራሱ ርቢውን በገታው፣ ከሦስቱ አንዳቸውም ባላስፈለጉ ነበር።