ከ7 ሚሊዮን እስከ 102 ሚሊዮን፤ የሲድኒ ኦፔራ ቤት የዋጋ ግምት ታሪክ

አንድ ሕንፃ ከመሠራቱ በፊት ምን ያህል ገንዘብ እንደሚፈጅ መገመት ትልቅ ኃላፊነት ያለበት ሙያ ነው። ግምቱ ከልክ በላይ ከፍ ያለ እንደ ሆነ ሥራው ሳይጀመር ይቀራል፤ ከልክ በታች የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ሥራው ተጀምሮ መካከል ላይ ባለቤቱን ያስጨንቃል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው በአውስትራልያ፣ በሲድኒ ከተማ የተሠራውን የኦፔራ ቤት ነው። ይህን ሕንፃ የመረጥነው በውበቱ ዓለም ስላወቀው ብቻ አይደለም፤ በ7 ሚሊዮን ዶላር ያልቃል ተብሎ 102 ሚሊዮን የአውስትራልያ ዶላር ስለ ፈጀ፣ የልዩነቱም ምክንያት ለማናቸውም ገማች ትምህርት ስለሚሆን ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አስቀድመን ስለ ኮንክሪት ጥቂት መናገር ያስፈልገናል። ኮንክሪት ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠርና ውሃ ተደባልቀው የሚጠነክሩበት ነው፤ ብረት ሲገባበት አርማታ ይባላል። ለ1 እጅ ሲሚንቶ 2 እጅ አሸዋና 4 እጅ ጠጠር የሚገባ ከሆነ፣ 1 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ለመሥራት 3 ኩንታል ከ20 ኪሎ ያህል ሲሚንቶ፣ ግማሽ ሜትር ኩብ የማይሞላ አሸዋና 1 ሜትር ኩብ የማይሞላ ጠጠር ያስፈልጋል። ይህን ማስላት ለጀማሪ ተማሪ እንኳ አይከብድም። ነገር ግን ኮንክሪት ሲቦካ ለስላሳ ስለ ሆነ እስኪጠነክር ድረስ የሚይዘው ፎርማ ይፈልጋል። በአዲስ አበባ ፎቅ ሲሠራ ያየ ሰው በወለሉ ሥር እንደ ጫካ የቆመውን የባሕር ዛፍና በላዩ የተነጠፈውን ጣውላ ያስታውሳል። ወለሉ ጠፍጣፋ ከሆነ ጣውላው ተነቅሎ ለሚቀጥለው ወለል ይውላል። ቅርጹ ጠማማና አንዱ ከሌላው የማይመሳሰል ከሆነ ግን አናጢው ለእያንዳንዱ አዲስ ፎርማ መሥራት አለበት። እንግዲህ የኮንክሪትን ዋጋ የሚወስነው ሲሚንቶው ብቻ ሳይሆን ቅርጹም ጭምር ነው።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። በ1957 ከቀረቡት 233 ንድፎች መካከል የዴንማርኩ ተወላጅ ዮርን ኡትሶን ያቀረበው አሸነፈ። በባሕሩ ዳር እንደ ሸራ የተነፉ የኮንክሪት ቅርፊቶች የሕንፃው ጣራ እንዲሆኑ ያሳየ ነበር። ይሁን እንጂ የቀረበው የሐሳብ ንድፍ እንጂ ለሥራ የተዘጋጀ ፕላን አልነበረም፤ የቅርፊቶቹም ጠመዝማዛ ቅርጽ በሒሳብ አልተወሰነም ነበር። በዚሁ ላይ ተመሥርቶ 3.5 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ማለት በኋላ በተለወጠው ገንዘብ 7 ሚሊዮን ዶላር ይበቃል ተባለ፤ ሕንፃውም በጃንዋሪ 1963 እንዲያልቅ ታሰበ። ለወጪው የሚሆነው ገንዘብ በአብዛኛው የተሰበሰበው በሎተሪ ነበር።

የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት መንግሥት የሕዝቡ ስሜት ሳይቀዘቅዝ ሥራው እንዲጀመር ስለ ፈለገ፣ የጣራው ነገር ሳይቆረጥ በማርች 1959 የመሠረቱ ሥራ ተጀመረ። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆሞ ማውረድ ያስቸግራል እንደሚባለው፣ በጠረጴዛ ላይ በቀላሉ የተወሰነው ነገር በሥራው ቦታ ከባድ ሆነ። በጃንዋሪ 1961 ሥራው 47 ሳምንት ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። በኋላም የጣራው ክብደት በታወቀ ጊዜ፣ አስቀድመው የቆሙት ዓምዶች ሊሸከሙት የማይችሉ ሆነው ስለ ተገኙ ፈርሰው እንደ ገና ተሠሩ።

የጣራው መፍትሔ የተገኘው በ1961 ነው። ኡትሶን ቅርፊቶቹ ሁሉ 75 ሜትር ያህል ሬድየስ ካለው ከአንድ ሉል ላይ ተቆርጠው እንደ ተወሰዱ አድርጎ ነደፋቸው። ሁሉም አንድ ዓይነት ጥምዘት ስለ ኖራቸው፣ ጥቂት ፎርማዎችን ደጋግሞ በመጠቀም ከ2,000 የሚበልጡ የኮንክሪት ክፍሎች በዚያው በሥራው ቦታ ተዘጋጅተው፣ ወደ ላይ ተሰቅለው በብረት ገመድ ተወጥረው ተያያዙ።

ብዙ ሰው ገንዘቡን የበላው ጣራው ይመስለዋል። ሒሳቡ ግን ሌላ ይናገራል። መሠረቱ 5.5 ሚሊዮን፣ ጣራው 12.5 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሲፈጁ፣ የውስጡ ሥራና ማጠናቀቂያው 56.5 ሚሊዮን ዶላር ያህል ፈጀ፤ የቀረው ለመድረክ መሣሪያ፣ ለኦርጋን፣ ለባለሙያዎች ክፍያና ለመሳሰለው ዋለ። ኡትሶን በክፍያና በሥራው አመራር ከመንግሥት ጋር ባለመስማማቱ በፌብሩዋሪ 1966 ሥራውን ሲተው፣ የአዳራሾቹ ንድፍ ገና አልተጠናቀቀም ነበር። ከእርሱ በኋላም የትልቁ አዳራሽ አገልግሎት ከኦፔራ ወደ ሙዚቃ ኮንሰርት ስለ ተለወጠ፣ አስቀድሞ የተተከለው የመድረክ መሣሪያ ተነቀለ። ሕንፃው የተመረቀው በኦክቶበር 20 ቀን 1973፣ ከታሰበው ጊዜ 10 ዓመት ዘግይቶ ነው።

እርግጥ ነው፣ በነዚህ ዓመታት ውስጥ የሠራተኛ ደመወዝና የዕቃ ዋጋ ጨምሯል። ነገር ግን ከ14 እጥፍ በላይ የሆነው ልዩነት በዚህ ብቻ አይተረጐምም። የወጪውን ክፍፍል ስናይ፣ በ1957 ይበልጥ ያልታወቀው ክፍል ይበልጥ ገንዘብ እንደ ፈጀ እንረዳለን። ሥራ ተቋራጩ የሲሚንቶውን ኩንታልና የጠጠሩን ሜትር ኩብ መቍጠር አላቃተውም፤ ያልተነደፈን ነገር ግን ማንም ሊቈጥር አይችልም።

እውነተኛው ዋጋ በ1957 ተነግሮ ቢሆን ኖሮ ሕንፃው ከቶ ባልተሠራ ነበር የሚሉ አሉ። ይህ አሳብ በቀላሉ የሚጣል አይደለም፤ ቤቱ ዛሬ የአገሩ መታወቂያ ነው፤ በ2007ም ከዓለም ቅርሶች ጋር ተመዝግቧል። ሆኖም የጣራው መፍትሔ የተገኘው ሥራው ከተጀመረ 2 ዓመት ብቻ ቈይቶ ነው። ያን ያህል ታግሦ ፕላኑን መጨረስ ዓምዶቹን ከመፍረስ፣ ምናልባትም ነዳፊውን ከመሰናበት ባዳነ ነበር። ኡትሶን በ2008 እስኪሞት ድረስ ያለቀውን ሕንፃ በዓይኑ አላየውም።

ስለዚህ ግምት አውጣ የተባለ ባለሙያ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ሲሚንቶው ስንት ያወጣል ብሎ ሳይሆን፣ የትኛው ክፍል ተነድፏል፣ የትኛውስ ገና ነው ብሎ ነው። ላልተነደፈው ክፍል አንድ ቍርጥ ቍጥር ከመስጠት፣ ገና አልታወቀም ብሎ መጻፍ ለሙያውም ለሕዝቡ ገንዘብም ይበልጥ ታማኝነት ነው እንላለን።