ወደ ሰሜን የሄዱት፦ የራግቢ ሊግ ሙያና የክላይቭ ሱሊቫን ዘመን

ራግቢ ሊግ የተወለደው ከደመወዝ ክርክር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ በእንግሊዝ ሰሜን፣ በዮርክሻየርና በላንካሻየር፣ ራግቢ የሚጫወተው የድንጋይ ከሰል ቆፋሪው፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛውና የወደብ ተሸካሚው ነበር። ለጨዋታ ብሎ ከሥራ የቀረ ሰው የዕለት ደመወዙ ይቆረጥበት ነበር። የሰሜን ክለቦች ይህ የተቆረጠ ገንዘብ ለተጫዋቹ እንዲተካለት ጠየቁ። ጨዋታውን ከለንደን የሚመሩት፣ አብዛኞቹ ከባለጸጋ ቤተሰብ የወጡ ሰዎች ግን ስፖርት በገንዘብ መቆሸሽ የለበትም ብለው በ1893 (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በተደረገው ጉባኤ ጥያቄውን በ282 ድምፅ ለ136 ጣሉት። ኑሮው በጉልበቱ ያልሆነ ሰው ያለ ክፍያ መጫወት አይከብደውም፤ ክርክሩም ስለ ስፖርት ክብር ከመሆኑ በላይ ማን መጫወት ይችላል የሚል ነበር።

ኦገስት 29 ቀን 1895 የሰሜን ክለቦች ተወካዮች በሃደርስፊልድ ከተማ ጆርጅ ሆቴል ተሰብስበው ከነባሩ ማኅበር ተገነጠሉ። በመጀመሪያው የውድድር ዘመን 22 ክለቦች ተሳተፉ። ለተጫዋቹ የተፈቀደለት ክፍያ በቀን ከ6 ሺሊንግ የማይበልጥ ነበር፤ ይኸውም ለተቆረጠው ደመወዝ ማካካሻ እንጂ ለመጫወት የሚሰጥ ዋጋ አልነበረም። በ1898 ግልጽ ክፍያ ሲፈቀድም ተጫዋቹ ሌላ ቋሚ ሥራ እንዳለው የማስረዳት ግዴታ ነበረበት። የመጠጥ ቤት አስተናጋጅነት እንደ ሥራ አይቆጠርም ነበር። ይህ ግዴታ የተነሣው በ1905 ነው፤ ልማዱ ግን ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ቀጠለ። ተጫዋቹ ቀን በማዕድን ጉድጓድ ወይም በፋብሪካ ይውልና ማታ ይለማመድ፣ ቅዳሜ ይጫወት ነበር። ክለቡም ላሸነፈ ብዙ፣ ለተሸነፈ ጥቂት ይከፍለው ነበር።

ገንዘብ ከተመልካች ኪስ የሚመጣ በመሆኑ ጨዋታው ለዓይን የሚስብ መሆን ነበረበት። በ1906 የተጫዋቾች ቁጥር ከ15 ወደ 13 ዝቅ ሲል ሜዳው ሰፋ፣ ሯጭም መንገድ አገኘ። በተጋጣሚ ተይዞ የወደቀ ተጫዋች ተነሥቶ ኳሱን በእግሩ ወደ ኋላ እንዲያንከባልል የሚያደርገው ሥርዓትም የዚያን ጊዜ ገባ። ኳሱን ከተጋጣሚ የጎል መስመር አሳልፎ መሬት ማስነካት፣ ትራይ የሚባለው፣ የጨዋታው ዋና ግብ ሆነ። ብዙውን ጊዜ ትራይ በማስቆጠር የሚታወቁት በሜዳው ጠርዝ የሚሮጡት የክንፍ ተጫዋቾች ናቸው።

የቀደመው ጨዋታ፣ ራግቢ ዩኒየን፣ ለተገነጠሉት ምሕረት አልነበረውም። ለሊግ ክለብ አንዲት የሙከራ ጨዋታ ያደረገ ተጫዋች ከዩኒየን ዕድሜ ልኩን ይታገድ ነበር። ስለዚህ ሊሞከሩ የሚመጡ ተጫዋቾች በሐሰት ስም ሜዳ መግባት የተለመደ ሆነ። ቅጣቱ ከሁሉ በላይ የከበደው በዌልስ ነበር፤ ዩኒየን የአገሪቱ ኩራት በሆነበት ምድር ለገንዘብ የፈረመ ሰው ከቀድሞ ክለቡ ደጅ እንደ ባዕድ ይቆጠር ነበር። ስለ እንዲህ ያለው ሰው ሲወራ «ወደ ሰሜን ሄደ» ይባል ነበር፤ ሦስት ቃል ብቻ ቢሆንም መሰደድንም መክዳትንም ይዟል።

ከካርዲፍ ወደብ ሠፈሮች ለወጡ ልጆች ግን ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። በዚያ የመርከብ ሠራተኞች ከአፍሪካ፣ ከካሪቢያን፣ ከዐረብ አገሮችና ከምሥራቅ አውሮፓ መጥተው ሠፍረዋል። ጥቁር ተጫዋች ምንም ያህል ቢችል እስከ 1980ዎቹ ድረስ የዌልስን የዩኒየን ብሔራዊ ቡድን ማልያ አልለበሰም። እነዚህ ልጆች ወደ ሰሜን ሲሄዱ ጥለውት የሄዱት ክብር ቀድሞውንም ያልተሰጣቸው ነበር።

ከእነርሱ ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ የካርዲፉ ተወላጅ ሮይ ፍራንሲስ ነው። በ1946 የብሪታንያ ቡድን ኢንዶሚታብል በተባለችው የጦር መርከብ ተሳፍሮ ወደ አውስትራሊያ ሲጓዝ አምበሉ ከላትቪያ የመጡ ስደተኞች ልጅ የሆነው የካርዲፉ ገስ ሪስማን ነበር። ፍራንሲስ ግን ከጉዞው ቀረ፤ ምክንያቱ የአውስትራሊያ «ነጮች ብቻ» ፖሊሲ እንደነበር በሰፊው ይታመናል። በሚቀጥለው ዓመት ለብሪታንያ የተሰለፈ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆነ። ኋላም የሃል ኤፍሲ ክለብ አሠልጣኝ ሆኖ ከዘመኑ የቀደመ ሥራ ሠራ፦ ጨዋታዎችን በፊልም እያሳየ ተጫዋቾቹን አስተማረ፣ ልምምዱን በፍጥነት ሩጫ ላይ መሠረተ፣ የተጫዋቾቹን ቤተሰቦችም ወደ ክለቡ አቀረበ። የዚህ ሰው ስም ከሥራው ጋር ሲነጻጸር እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ መደብዘዙ የሚያሳዝን ነው።

በ1953 ደግሞ ከዚያው ወደብ አባቱ የሴራሊዮን ሰው የሆነውን ቢሊ ቦስተንን የዊጋን ክለብ በ3,000 ፓውንድ አስፈረመው። በ488 ጨዋታ 478 ትራይ አስቆጠረለት። በ1954 የብሪታንያ ቡድን ወደ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ባደረገው ጉዞ የተካፈለ የመጀመሪያው ነጭ ያልሆነ ተጫዋች ሲሆን፣ በዚያ ጉዞ ብቻ 36 ትራይ አስቆጥሯል። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ቡድኑ ከአውስትራሊያ የዓለም ዋንጫ ሲመለስ በደቡብ አፍሪካ የማሳያ ጨዋታዎች ነበሩት፤ በአገሪቱ የዘር መድልዎ ሥርዓት፣ በአፓርታይድ፣ ምክንያት ቦስተን ከጓደኞቹ ተለይቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ክላይቭ ሱሊቫን የተወለደው በ1943 በካርዲፍ ስፕሎት ሠፈር ነው። በልጅነቱ እግሮቹንና ትከሻውን ተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል፤ ሐኪሞች በደንብ መራመዱን እንኳ ይጠራጠሩ ነበር። በ1961 ወታደር ሆኖ ወደ ሰሜን እንግሊዝ ተላከ። በብራድፎርድ ያደረገው ሙከራ አልተሳካለትም። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ሮይ ፍራንሲስ በሚያሠለጥነው ሃል ኤፍሲ ሌላ ዕድል አገኘ። ስሙ እንዳይታወቅ «ሚስተር ኤክስ» ተብሎ ሜዳ ገባና ሦስት ትራይ አስቆጠረ። በማግሥቱ ፈረመ። እስከ 1964 ድረስ ወታደርም ስለነበር ለክለቡ የሚሰለፈው ፈቃድ ሲያገኝ ነበር።

ሃል በሰሜን እንግሊዝ ምሥራቃዊ ዳርቻ ያለች፣ በዚያ ዘመን የዓሣ አጥማጆች ከተማ ነበረች። ምዕራቡ ሠፈር ጥቁርና ነጭ የሚለብሰው የሃል ኤፍሲ፣ ምሥራቁ ቀይና ነጭ የሚለብሰው የሃል ኪንግስተን ሮቨርስ ነው፤ በመካከላቸው ያለው ፉክክር ቤተሰብ ይለያያል። ሱሊቫን ለኤፍሲ 250 ትራይ ካስቆጠረ በኋላ በ1974 ወደ ሮቨርስ ተሻገረ፤ በዚያም 118 ጨመረ። ለሁለቱም ክለቦች ከመቶ በላይ ትራይ ያስቆጠረ ከእርሱ በቀር የለም። ከዚህ ቁጥር ይልቅ የሚደንቀው ከተማዋ ሁለት ቦታ ተከፍላ እርሱን ግን ሁለቱም ወገን መውደዱ ነው። በ1980 ሁለቱ ክለቦች በለንደኑ ዌምብሌይ ስታዲየም ለቻሌንጅ ካፕ ዋንጫ ፍጻሜ ሲጋጠሙ ለሮቨርስ ተሰልፎ 10 ለ 5 አሸነፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ኤፍሲ ተመልሶ፣ በ39 ዓመቱ፣ ሊድስ ላይ በተደረገው የፍጻሜ ድጋሚ ጨዋታ ዊድነስን 18 ለ 9 ካሸነፈው ቡድን ጋር ያንኑ ዋንጫ ወሰደ።

በብሔራዊ ቡድን ደረጃ ከ1967 ጀምሮ ለታላቋ ብሪታንያ 17 ጊዜ ተሰልፏል። በ1972 አምበል ሆኖ ተመረጠ። በየትኛውም ስፖርት የብሪታንያን ብሔራዊ ቡድን የመራ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው እርሱ ነው። በዚያ ዓመት በፈረንሳይ የዓለም ዋንጫ ተካሄደ፤ ተሳታፊዎቹ ብሪታንያ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ፈረንሳይ ብቻ ነበሩ። ብሪታንያ ሦስቱንም የምድብ ጨዋታ አሸነፈች፤ ሱሊቫንም በውድድሩ በየጨዋታው ትራይ አስቆጠረ።

ፍጻሜው ኖቬምበር 11 ቀን በሊዮን ነበር። ተመልካቹ 5 ሺህ አይሞላም ነበር። አውስትራሊያ እየመራች ሳለ ሱሊቫን ኳሱን ከራሱ ቡድን ክልል ተቀብሎ ወደ ሰባ ሜትር ያህል ሮጦ አስቆጠረ። ጨዋታው 10 ለ 10 አለቀ። ተጨማሪው ሰዓትም ለውጥ ስላላመጣ ብሪታንያ በምድብ ጨዋታዎች የተሻለ ውጤት ስለነበራት ዋንጫው ተሰጣት። ከዚያ ወዲህ ብሪታንያም ሆነ እንግሊዝ ይህን ዋንጫ አላገኙም። ባዶ ሊባል በሚችል ስታዲየም የተሸለመ አምበል፣ ሌላ ስፖርት ቢሆን ኖሮ አገር ሁሉ የሚያውቀው ስም ይሆን ነበር።

በ1974 ከንጉሣዊው ቤተ መንግሥት ኒሻን ተሸለመ። በኦክቶበር 1985 በካንሰር ሲሞት ገና 42 ዓመቱ ነበር። የሃል ከተማ ከምዕራብ የሚያስገባትን ዋና መንገድ በስሙ ሰየመች።

ለዚህ ሙያ መነሻ የሆነው ክልከላ ያበቃው በ1995 ነው፤ በደመወዝ ጥያቄ የተገነጠለው ጨዋታ መቶ ዓመት ሲሞላው፣ ዩኒየን ራሱ ለተጫዋቾቹ ክፍያ ፈቀደ። በቀጣዩ ዓመት የራግቢ ሊግ ዋና ውድድር የሆነው ሱፐር ሊግ በቴሌቪዥን ኩባንያ ገንዘብ በበጋ ወቅት መካሄድ ጀመረ፤ ቀን በፋብሪካ ውሎ ማታ መለማመድም ለዋናዎቹ ክለቦች ተጫዋቾች ቀረ። በ2023 በካርዲፍ የባሕር ወሽመጥ ለሪስማን፣ ለቦስተንና ለሱሊቫን በአንድነት ሐውልት ቆመ። በ2025 ቢሊ ቦስተን በ90 ዓመቱ የሰር ማዕረግ ሲቀበል ከራግቢ ሊግ ተጫዋቾች የመጀመሪያው ሆነ።