ከቁራኛ ወደ መጥሪያ፦ የሉማሜ ጎዳናና የፍርድ መዝገብ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ጎሐ ጽዮን ላይ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው፣ ደጀን ላይ ደግሞ ወደ ደጋው የሚወጣው የጎጃም ጎዳና፣ የአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን ሉማሜን ሰንጥቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ያልፋል። በዚህ ጎዳና ላይ ሁለት ዓይነት ሰዎች ዘወትር ይገናኛሉ። አንደኛው ከብቱን ነድቶ፣ አህያውን ጭኖ ከገበያ ወደ መንደሩ የሚመለሰው የአገሬው ገበሬ ነው። ሁለተኛው የጭነት መኪናውን ይዞ ወደ ባሕር ዳርና ወደ ጎንደር የሚገሰግሰው ሾፌር ነው። ሁለቱ በስም አይተዋወቁም። አንድ ቀን ጉዳት ቢደርስና ለፍርድ ቢፈላለጉ የሚያገናኛቸው የወረቀት መዝገብ ብቻ ነው። መዝገቡ የተገኘ እንደሆነ ፍርዱ ይገኛል፤ የጠፋ እንደሆነ ግን የተጎጂው ቤተሰብ ከሐዘኑ በቀር የሚይዘው ነገር አይኖረውም።

ይህ የወረቀት ኃይል በጎጃም ደጋ እንግዳ ነገር ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። የጎጃም ደጋ በሙግት የታወቀ አገር ነው። ርስት በአባትም በእናትም ወገን ስለሚቆጠር አንድ ሰው በብዙ ቦታ የመሬት ይገባኛል ነበረው። ስለዚህ መሟገት ለገበሬው እንደ እርሻው ሁሉ የኑሮ ሙያ ሆኖ ኖረ። ሆኖም ያ ሙግት በአፍ የሚከናወን ነበር። በላ ልበልሃ የተባለው ሥርዓት ቃልን በቃል፣ ምሳሌን በምሳሌ የሚመታበት አደባባይ ነው። ተሟጋቹ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ዘንጉን ይዞ ቆሞ ይናገራል። ነገሩን ለማጽናትም በማር፣ በፈረስ ወይም በበቅሎ ይወራረዳል። እማኙ ያየውን ይመሰክራል፤ ዋሱ ስለ ሰውየው ይቆማል። ይህን ሁሉ የሚይዘው የሸንጎው ትዝታ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ለዚህ ጉዳይ የሚቀርበው የመንገድ ዳኝነት ነው። ሁለት ሰዎች ጎዳና ላይ የተጣሉ እንደሆነ መንገደኛውን አስቁመው ዳኛ ሊያደርጉት ይችሉ ነበር። «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው ባለበት ይቆማል፤ ቃሉን ጥሶ መሄድ ራሱ ሌላ ጥፋት ነው። ነገሩ በመንገድ ዳኛ ካላለቀ ከሳሽና ተከሳሽ የነጠላቸውን ጫፍ አስተሳስረው፣ ቁራኛ ሆነው፣ አብረው እየተጓዙ ወደሚቀጥለው ዳኛ ይወርዳሉ። በዚህ ሥርዓት ተከሳሹ የት እንዳለ የሚጠይቅ የለም፤ ከሳሹ ዘንድ ነውና። በጥንቱ የሮማውያን የአሥራ ሁለቱ ሰሌዳዎች ሕግም፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት፣ ተከሳሹን ወደ ዳኛ ፊት የሚያቀርበው ራሱ ከሳሹ ነበር። ከባለሥልጣን የሚላክ መጥሪያ በዚያም ኋላ የመጣ ነገር ነው። ቁራኛ እንደ ሥርዓት ቢቀርም ቃሉ አልሞተም፤ አንድን ሰው አጥብቆ መከታተል ዛሬም «በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ» ይባላል።

ይሁን እንጂ ያ ዘመን የፍትሕ ገነት እንደ ነበረ አድርጎ ማሰብ ስሕተት ነው። ዳኛው አብዛኛውን ጊዜ ገባሩ ግብር የሚከፍልለት ባለ ጉልት ወይም የእርሱ ምስለኔ ነበር። የውርርዱም ማር ወደ ዳኛው ቤት ይገባ ነበር። ጌታውን መክሰስ የሚሻ ገባር የሚቆመው በዚያው በጌታው ፊት ነው።

ጽሕፈትስ አልነበረም ወይ ቢባል፣ ነበር። የዲማ ጊዮርጊስና የመርጡለ ማርያም ገዳማት የመሬት ስጦታን፣ ሽያጭንና ርክክብን በወንጌሉ ባዶ ገጾችና ጠርዞች ላይ ወይም በመዝገብ ሲያሰፍሩ ኖረዋል። በእነዚህ ጽሑፎች የእማኞችና የዋሶች ስም በዝርዝር ይገኛል። የሚጻፈው ግን መሬት ነው፤ የሚጠብቀውም ካህኑና መኳንንቱ ናቸው። በገበያ መንገድ ላይ በበቅሎ የተረገጠ ልጅ ወይም የተሰበረ ክንድ በወንጌሉ ጠርዝ ላይ ቦታ አልነበረውም።

መኪና ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። ወደ ጎጃም ደጋ የመኪና መንገድ የተዘረጋው ግን ዘግይቶ፣ በፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ዓመታት ነበር። ከነፃነት በኋላ ደግሞ ወረቀቱ መጣ። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የፍርድ አስተዳደር አዋጅ ፍርድ ቤቶችን በደረጃ አቋቋመ። በ1939 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 90 የአጥቢያ ዳኛን በሕግ ሰየመው፤ ሥልጣኑም በፍትሐ ብሔር እስከ 25 ብር፣ በወንጀል እስከ 15 ብር መቀጫ ነበር። በ1955 ዓ.ም. የወረዳ ግዛት፣ የአውራጃ ግዛት፣ ከፍተኛና ጠቅላይ ፍርድ ቤቶች በአንድ አዋጅ ተደራጁ። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የደንብ መተላለፍን ከወንጀል ለይቶ ደነገገ። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓትና የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጎች ደግሞ ክስ በጽሑፍ እንዲቀርብ፣ ተከሳሽ በመጥሪያ እንዲጠራ አዘዙ። የትራንስፖርት ደንብ ቁጥር 279 በ1956 ዓ.ም. ወጣ። ቀድሞ ተሟጋቹ «ዋስ ጥራ» ይባል ነበር፤ አሁን የሚጠራው ፍርድ ቤቱ፣ የሚጠራውም በወረቀት ሆነ። የንግግር ሊቅ የነበረው ገበሬ በፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ ጸሐፊ ፊት ተቀምጦ፣ ነገሩ በሌላ ሰው ብዕር ሲያጥር መስማት ግድ ሆነበት።

ከ1967 ዓ.ም. በኋላ የገበሬ ማኅበራትና የቀበሌ ፍርድ ሸንጎዎች ሲቋቋሙ ጥቃቅኑ ነገር እንደገና ወደ መንደሩ ተመለሰ። መኪና ሰው የገደለበት ጉዳይ ግን ከመደበኛው ፍርድ ቤት አልወጣም። ዛሬም ነገሩ የሚታየው ጥፋቱ በተፈጸመበት ቦታ ባለ ፍርድ ቤት ነው። መኪናው የጎንደር፣ ሾፌሩ የአዲስ አበባ ቢሆንም፣ መንገዱ የሉማሜ ከሆነ ዶሴው በዚያው አካባቢ ይከፈታል፤ ይግባኙም ደረጃውን ጠብቆ ወደ ደብረ ማርቆስና ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል።

በዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ወረቀት እንዳለ መለየት ያሻል። አንደኛው ሾፌሮች «ትራፊክ ክስ ጻፈብኝ» የሚሉት የቅጣት ወረቀት ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 ጥፋቶችን በደረጃ ከፋፍሎ መቀጫቸውን ወስኖ ነበር፤ ደንቡ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል። ይህን ወረቀት የያዘ ሾፌር መቀጫውን ከፍሎ፣ ደረሰኙን ይዞ ይሄዳል፤ ከዳኛ ፊትም አይቆምም። ሁለተኛው የሞት ወይም የአካል ጉዳት መዝገብ ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 መሠረት፣ የታወቀ ደንብ ተላልፎ በቸልተኝነት ሰው የገደለ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10 ሺህ እስከ 15 ሺህ ብር መቀጫ ይጠብቀዋል። እንግዲህ «ፍጥነት አልፏል» ወይም «ደርቦ ነበር» የሚለው ቃል፣ በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ጥቂት ብር የሚያስከፍለው ያው ቃል፣ በሁለተኛው መዝገብ ውስጥ የአንድን ሰው ዕድሜ ይወስናል። የትራፊክ ፖሊሱ በመንገድ ዳር ቆሞ የሚስለው የአደጋ ፕላን ክብደት ከዚህ ይመነጫል።

መዝገቡን የማግኘት ችግር የሚጀምረው ከስም ነው። መዝገብ ቤቱ ጉዳዩን የሚያውቀው በመዝገብ ቁጥር፣ በዓመተ ምሕረትና በተከሳሹ ስም ነው። የሟች ወገን የሚያውቀው ደግሞ ቀኑን፣ የዋለበትን በዓልና የመኪናውን ቀለም ነው፤ ቢበዛ የሰሌዳውን ቁጥር። «ጥቅምት ሚካኤል ዕለት፣ ነጭ አይሱዙ» ብሎ የመጣ አባት፣ የመዝገብ ቁጥር ሲጠየቅ የሚመልሰው የለውም። የከሳሽነቱ ስፍራ የዐቃቤ ሕግ ስለሆነ የልጁ ስም ከመዝገቡ ልባስ ላይ አይገኝም። ብልህ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ በዚህ ጊዜ ሰውየውን ከማመላለስ ይልቅ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ልኮ፣ ከምርመራው መዝገብ የሾፌሩን ስም አስወጥቶ እንዲመጣ ይመክረዋል።

ይህ ፍለጋ ለከንቱ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 የመኪናው ባለቤት፣ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ፣ መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። የባለቤቱ ስም የሚገኘው ከሊብሬው ነው፤ የሊብሬው ቃል ያለው ደግሞ ከፖሊስ መዝገብ ውስጥ ነው። የካሳ ክስ ጊዜ በመሠረቱ 2 ዓመት ነው። ድርጊቱ በወንጀል ሕግ የረዘመ ይርጋ ያለው እንደሆነ ረዥሙ ይጸናል፤ ይህንንም ለማስረዳት የወንጀሉ ውሳኔ ግልባጭ ይረዳል። የ1954ቱ ሥነ ሥርዓት ሕግ ተበዳይ በዚያው በወንጀሉ መዝገብ ካሳ እንዲጠይቅ ይፈቅድ ነበር፤ ይህን የሚያውቅ ገበሬ ግን ከየት ይገኛል? በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ለሞት ጉዳት ከ5 ሺህ እስከ 40 ሺህ ብር ወስኖ ነበር። ገንዘቡ በጊዜው ለአንድ ጥንድ በሬና ለጥቂት ዘመን ቀለብ ይበቃ እንደሆነ ነበር፤ ያም ቢሆን ያለ ወረቀት አይገኝም ነበር።

አፍና ወረቀት የሚገናኙበት አንድ ስፍራ ግን አለ። ሾፌሩ ከታሰረ በኋላ ወገኖቹ ሽማግሌ ይዘው ወደ ሟች ቤተሰብ ይመጣሉ። ሽማግሌዎቹ እንደ ቀድሞው በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ ካህኑ መስቀል ይዞ፣ ደም ያደርቃሉ፤ ካሳም ይቆርጣሉ። በሕግ ፊት እርቁ ክሱን አያቆመውም፤ የሰው ሞት በግል አቤቱታ ብቻ የሚታይ ጉዳይ አይደለምና። ሆኖም የእርቁ ቃል በጽሑፍ ሰፍሮ፣ የሟች አባት ጣቱን በቀለም ነክሮ አትሞበት፣ ከአደጋው ፕላንና ከሐኪሙ ማስረጃ ጋር ለቅጣት ማቅለያ ይቀርባል። የመዝገቡ ቅጠል ተቆጥሮ ሲዘጋ ያ የጣት አሻራ ብዙ ጊዜ ከመጨረሻዎቹ ገጾች በአንዱ ላይ ይገኛል።